ከዶሮ ማነቂያ እስከ ጤና ጣቢያው ስንት እርምጃ ነው?

ስለ ፒያሳ ያልተጻፈ የለም። ስለ ማሕሙድ ሙዚቃ ቤት፣ ስለ ሲኒማ አምፒር፣ ስለ ካስቴሊ ምግብ፣ ስለ ቶሞካ ቡና፣ ስለ አራዳ ልጅ አነጋገርና አለባበስ ሲጻፍ እያነበብን ነው ያደግነው። በተለይ ሰፈሩ በስፋት መፍረስ ከጀመረበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የፒያሳን ትዝታ የማይጽፍ ሰው ጠፍቷል። እኔም አንድም አያመልጠኝም። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይጎድልብኛል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል በእነዚሁ ሰፈሮች ጓዳ ውስጥ ወጣት ሰው እየመነመነ ይሞት ነበር። ትዝታ ጸሐፊዎቻችን እነዚያ ዓመታት ላይ ሲደርሱ ወይ ዘለው ያልፏቸዋል፣ ወይ ብዙ ጓደኞቻቸውን እንዳጡ በአንድ መስመር ጽፈው ወደ ሙዚቃው ይመለሳሉ።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያች አንድ መስመር ነው። ይበልጡንም ስለ ሞቱ ሳይሆን ስለ ሕክምናው። የኤች አይ ቪ ሕክምና ከየት ተነስቶ በስንት ዓመቱ አራዳ ደረሰ? ማን ጋ ደረሰ? ማን ጋ ሳይደርስ ቀረ? (ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጅ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ። ሂሳቡ ለሚያደናግረው ሰው፦ እኔንም ያደናግረኛል።)

መጀመሪያ ሰፈሩን እንይ። አራዳ ማለት ገበያ ነበር፤ ጊዮርጊስ ሥር የተተከለ የከተማዋ ትልቅ ገበያ። ገበያ ባለበት ነጋዴ አለ፣ ነጋዴ ባለበት ማደሪያ አለ፣ ማደሪያ ባለበት ጠጅ ቤትና ጠላ ቤት አለ። ጣሊያን ሲገባ ገበያውን ወደ ምዕራብ ወስዶ የዛሬውን መርካቶ ተከለና አራዳን ለራሱ ሰዎች አስቀረው። ፒያሳ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። መሸታ ቤቱ ግን ከገበያው ጋር አልሄደም። ከነጻነት በኋላ በደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ስም የሚጠራው ውቤ በረሃ በአገር የታወቀ የምሽት ሰፈር ሆነ። ስብሐት ገብረእግዚአብሔር ለብዙ ዓመት ሳይታተም የቆየውን "ሌቱም አይነጋልኝ" የጻፈው ስለዚሁ ሰፈር ነው። ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱም ከመሸታው የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው።

ሕክምናና የእነዚህ ሰፈሮች ሴቶች የተገናኙት ግን ከኤች አይ ቪ በፊት ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፈው በጣሊያን ጊዜ ሴቶቹ ተመዝግበው በግዴታ ይመረመሩ ነበር። ቤቶቹም የትኛው ለመኮንን፣ የትኛው ለተራ ወታደር እንደሆነ በባንዲራ ቀለም ይለዩ ነበር። ልብ በሉ፤ ምርመራው ለሴቶቹ ጤና ታስቦ አይደለም፣ ለወታደሩ ነው። ሴትዮዋ በሽታ የሚተላለፍባት መንገድ ነበረች እንጂ በሽተኛ አልነበረችም። ይህቺን አስተሳሰብ ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ልብሷን ቀይራ ትመጣለች።

ቫይረሱ በኢትዮጵያ ቀደም ብሎ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ተወስዶ ከተቀመጠ የደም ናሙና ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ሕሙማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986፣ በእኛ በ1978 አካባቢ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ተመዘገቡ። ሕዝቡ ኤድስ ማለት ከመልመዱ በፊት የራሱን ስም አውጥቶለት ነበር፦ አመንምን። እኛ ቤት ትልልቆቹ ዛሬም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ያ በሽታ" ይላሉ እንጂ በስሙ አይጠሩትም።

ወዲያው መቆጠር የጀመሩት የቡና ቤት ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 አዲስ አበባ ውስጥ ከተመረመሩት ሴተኛ አዳሪዎች ከአራቱ አንዷ ገደማ ቫይረሱ በደሟ ተገኘ። ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በከተማዋ ሁለት ጤና ጣቢያዎች በተገለገሉ 372 ሴቶች ላይ በተሠራ ጥናት ውጤቱ 73.7 በመቶ ሆነ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ከአሥሩ ሰባቱ እንኳ አይደለም፤ ከዚያ በላይ ነው።

ይህ ጥናት በየጽሑፉ ይጠቀሳል፤ የሚጠቀሰው ግን ስለ ቁጥሩ ነው። እኔን የያዘኝ ቦታው ነው። ጤና ጣቢያ! ማለትም ሴቶቹ መጥተዋል። አይመጡም፣ ይደበቃሉ፣ ግድ የላቸውም ይባል በነበረበት ዘመን በእግራቸው መጥተው ክንዳቸውን ሰጥተዋል። ጤና ጣቢያው በምላሹ ምክር፣ ኮንዶምና የአባላዘር በሽታ መድኃኒት ነበረው። የቫይረሱን መድኃኒት ግን የሚሰጣቸው አንድም መንግሥታዊ ተቋም በአገሪቱ አልነበረም። ደም ይወሰዳል፣ ቁጥር ይወጣል፣ ሴትዮዋ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ያዙልኝ ያልኳችሁ አስተሳሰብ ልብሱን የቀየረው እዚህ ጋ ነው። በየስብሰባውና በየፖስተሩ "ከፍተኛ ተጋላጭ የኅብረተሰብ ክፍሎች" የሚባል ሐረግ ተለመደ። ቃሉ ተጋላጭ ይላል፤ ስንናገረው ግን አጋላጭ ማለታችን ነበር። ማስተማሩም፣ ኮንዶም ማደሉም በአብዛኛው የታሰበው ከእሷ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ነው። እሷ ራሷ ከያዛትስ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የነበራቸው ጥቂቶች ናቸው። የሃይማኖት ተቋማት ተባብረው እ.ኤ.አ. በ1989 ያቋቋሙት ኦሳ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 መቅድም፣ በ1998 ደግሞ ተስፋ ጎህ ተመሠረቱ፤ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ራሳቸው ያቋቋሟቸው ማኅበራት ናቸው። መድኃኒት ባልነበረበት ጊዜ "እንክብካቤ" ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የታመመውን ማጠብ፣ አጥሚት ማጠጣት፣ ከአከራይ ጋር መከራከር፣ ቤተሰብ የሸሸውን መቅበር። ኋላ ላይ እድሮችም ገቡበት፤ ለቀብር የተቋቋመ እድር አባሉ ሳይሞት ማስታመም ጀመረ። የአገራችን የኤች አይ ቪ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የተጀመረው በነጭ ጋዋን ሳይሆን በነጠላ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

መድኃኒቱስ? ሦስት ዓይነት መድኃኒት አንድ ላይ ሲወሰድ ሰው ከሞት አልጋ እንደሚነሳ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1996 በካናዳ ቫንኩቨር በተደረገው ጉባኤ ዓለም ሰማ። ዋጋው ግን ለአንድ ሰው በዓመት ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የሕንዱ ሲፕላ ኩባንያ ያንኑ ሕክምና በዓመት በ350 ዶላር እሸጣለሁ ብሎ ገበያውን ገለበጠው። ኢትዮጵያ በ1990 የኤች አይ ቪ ፖሊሲ አውጥታ ነበር። በ1995 መጨረሻ መድኃኒቱ በክፍያ መሰጠት ጀመረ፤ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። በነጻ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ነው። ከቫንኩቨር እስከዚያ ድረስ ስምንት ዓመት ተኩል ሆኖታል። አውሮፕላን በአንድ ቀን የሚደርስበትን መንገድ ነው መድኃኒቱ በስምንት ዓመት ተኩል የተጓዘው። በዚያ መሐል የሞተው ሁሉ ከቫይረሱ በተጨማሪ በዚህ ርቀትም ነው የሞተው።

የክፍያውን ጊዜ ቶሎ ላልፈው አልፈልግም። መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው፤ አንዴ ከጀመርክ አታቋርጥም። ስለዚህ በየወሩ የምትገዛው መድኃኒት ማለት በየወሩ የምትከፍለው የሕይወት ኪራይ ነው። ወንድምና እህት ታመው ቤተሰቡ ለአንዱ ብቻ አቅም ሲኖረው ምን እንደሚደረግ አስቡት። ገንዘብ ሲያልቅ የሚያቋርጥ ሰው ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምድበታል። አራዳ ውስጥ አልጋ በሌሊት ተከራይታ የምትኖር ሴት በዚህ ሂሳብ ውስጥ ከመጀመሪያውም አልነበረችም።

ነጻ ከሆነ በኋላም ሕክምናው መጀመሪያ የሆስፒታል ነበር። ከፒያሳ ስድስት ኪሎ በእግር ይደረሳል፤ በ1910ዎቹ ቤተ ሳይዳ ተብሎ የተከፈተው የዛሬው የካቲት 12 ሆስፒታል እዚያ ነው። ግን ሆስፒታል በእግር ብቻ አይደረስም። ካርድ ማውጣት፣ ወረፋ፣ ነገ ተመለሺ፣ የደም ውጤት፣ አሁንም ነገ ተመለሺ። ያኔ መድኃኒቱ የሚጀመረው ሲዲ ፎር የሚባለው የመከላከያ ሴል ቁጥር ከ200 በታች ሲወርድ ወይም ሰውየው በግልጽ ሲታመም ነው። ቁጥርሽ 260 ከሆነ ሂጂና ቆይተሽ ነይ ትባያለሽ። ለመዳን መጀመሪያ በደንብ መታመም ነበረብሽ ማለት ነው። ይህ ደንብ ሙሉ በሙሉ የቀረው እ.ኤ.አ. በ2016 ገደማ፣ የተመረመረ ሁሉ ወዲያው ይጀምር ሲባል ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከ1998 መጨረሻ ጀምሮ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርድ ነው። እስከዚያ ሐኪም ብቻ ያዝዘው የነበረውን ነርስና ጤና መኮንን እንዲያዝዙት ተፈቀደ። ይህ በዚያን ጊዜ እንደ ድፍረት ነበር የታየው። ዶክተር በሌለበት የኤድስ ሕክምና? አዎ። ብዙ ሰው ያዳነውም እሱ ነው። ምክንያቱም ይህ በሽታ መድኃኒት ከተገኘለት በኋላ የቀዶ ሕክምና ወይም የትልቅ ፕሮፌሰር ጉዳይ አይደለም። ሳል አለሽ ወይ ብሎ ሳንባ ነቀርሳን የሚጠረጥር፣ እርጉዝ ነሽ ወይ ብሎ ለልጁ የሚያስብ፣ ኪኒኑ ሲያቅለሸልሽሽ የሚሰማሽ፣ በቀጠሮሽ ቀን ስትቀሪ የት ገባች የሚል ሰው ነው የሚያስፈልገው። አራዳ፣ አፍንጮ በር፣ ቀበና ጤና ጣቢያ እያላችሁ ቁጠሩ፤ ያ ሰው የተገኘው እንዲህ ባለው ቤት ነው። የቀረውን በየቤቱ እየዞሩ ከሚፈልጉት ሠራተኞች ብዙዎቹ ራሳቸው መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎች ነበሩ። ደመወዛቸው ትንሽ፣ ውላቸው በፕሮጀክት ገንዘብ የሚታደስ።

እዚህ ጋ ግን ታሪኩ ይገለበጣል። ሕክምናው ሲቀርብ ሰው ሸሸው! የአራዳ ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ አጥሩ ቆርቆሮ ነው፤ ጎረቤት ምን እንደበላሽ ያውቃል። በሰፈርሽ ጤና ጣቢያ የኤአርቲ ክፍል በር ላይ መቀመጥ ማለት ለሰፈሩ መናገር ማለት ነው። ስለዚህ የፒያሳው ኮልፌ ሄዶ ይወስዳል፣ የኮልፌው ፒያሳ ይመጣል። ታክሲ ውስጥ ቢተላለፉ አይተዋወቁም። የኪኒኑ ዕቃ ስለሚንኳኳ ጥጥ ይጠቀጠቅበታል፣ ወረቀቱ ይላጣል። በዚያ ላይ የያኔው መድኃኒት ራሱ ያጋልጥ ነበር። ስታቩዲን የሚባለው ርካሹ ኪኒን ሕይወት ያተርፋል፣ ግን ዓመታት ሲቆይ የጉንጭን ስብ ይበላል። ሰውየው ከአልጋ ተነስቶ፣ ሥራ ጀምሮ፣ በጉንጩ ይታወቅበታል። ኋላ በተሻለ መድኃኒት ተተካ፤ ዛሬ በቀን አንዴ የሚዋጥ አንድ ኪኒን ሆኗል።

ከፒያሳ ቀና ብሎ ለሚያይ ሌላም መድኃኒት ነበር፦ እንጦጦ። በእንጦጦ ማርያም ጠበል ለመዳን ከመላ አገሪቱ ሰው ይመጣ ነበር፤ ኪኒኑን ጥሎ የሚመጣም ብዙ ነበር። በ1999 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ ይቻላል ብለው በይፋ ተናገሩ። ይህች ነገር ትንሽ ልትመስል ትችላለች። እኔ ግን ከብዙ ዎርክሾፕ የበለጠ ሰው ያተረፈች ትመስለኛለች።

አሁን ወደ ቁጥር ልመለስ። በ1997ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ከአዋቂዎች 4.7 በመቶው ቫይረሱ ነበረባቸው። በ2008ቱ ጥናት ወደ 3.4 ወረደ፤ በአገር ደረጃ ደግሞ 0.9 በመቶ ሆነ። ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በ16 ከተሞች በሴተኛ አዳሪዎች ላይ በተደረገው ጥናት ግን ውጤቱ 18.7 በመቶ ነበር። ከ73.7 ጋር ሲነጻጸር ተአምር ነው፤ ከ0.9 ጋር ሲነጻጸር ግን እነዚህ ሴቶች ከእኛ ጋር አንድ አገር ውስጥ አይኖሩም።

አሜሪካኖችም ይህንኑ አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 በራያን ዋይት በተባለ ታዳጊ ስም ኤች አይ ቪ ላለባቸው ድሆች ሕክምና የሚሆን ሕግ አወጡ። አዲሱ መድኃኒት ሲመጣ ሞት ቀነሰ፤ ነገር ግን በጥቁሮች ሰፈር በነጮቹ ልክ አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ1999 ለአናሳ ማኅበረሰቦች የተለየ በጀት ተመደበ፤ ገንዘቡም ሰው ወደሚኖርበት፣ ቋንቋውን ወደሚያውቅ የሰፈር ክሊኒክ እንዲሄድ ታሰበ። እዚያ "አናሳ" የሚለየው በቀለም ነው። አራዳ ውስጥስ? በብሔር አይመስለኝም። እዚህ አናሳ ማለት በመዝገብ የሌለ ሰው ነው። መታወቂያ ከሌላ ክልል ይዛ የመጣች፣ ቤት የሌላት፣ አልጋ በቀን የምትከራይ፣ ሌሊት ሠርታ ጠዋት የምትተኛ ሴት። ጤና ጣቢያው የሚሠራው እሷ በምትተኛበት ሰዓት ነው። ሴቶቹ ራሳቸው ያቋቋሟቸው እንደ ንቃት ያሉ ማኅበራት፣ ኋላም ለእነሱ የተከፈቱት ገላ የሚታጠቡበት፣ የሚያርፉበትና የሚታከሙበት ማዕከላት የተሻለ የሠሩት ለዚህ ነው። ሰዓቱን ያውቃሉ። የሚያስገርመው ይህን ለማወቅ የፈጀብን ጊዜ ነው።

እናላችሁ በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ የኮሪደር ልማቱ መጣ። ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፣ እሪ በከንቱ ፈረሰ። ስለ ልማቱ ጥሩነትና መጥፎነት እዚህ አልከራከርም፤ የጭቃ ቤት ኑሮን የሚናፍቀው አብዛኛውን ጊዜ ያልኖረበት ሰው ነው። የምለው ስለ ካርዱ ነው። የቀበሌ ቤት መዝገብ ላይ ስሙ ያለው ሰው ምትክ ቤት አግኝቶ ወደ ከተማዋ ጫፍ፣ ወደ ቦሌ አራብሳና መሰሎቹ ሄደ። ከእሱ ቤት ክፍል የተከራየችው፣ ከእሷም ጋር አልጋ የተጋራችው የት ሄዱ? መዝገብ ላይ ስላልነበሩ መሄዳቸውም አልተመዘገበም። ጤና ጣቢያው ውስጥ ካርዳቸው አለ፤ ካርዱ ላይ የተጻፈው የቤት ቁጥር ግን አሁን አስፋልትና የእግረኛ መንገድ ነው።

ሰፈሩ የፈረሰበት ዓመት ሳይሞላ ሌላ መጣ። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ ጤና ሚኒስቴር በሲዲሲና በዩኤስኤአይዲ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። በፕሮጀክት ገንዘብ የሚታደስ ውል ያልኩትን አስታውሱ። ኪኒኑ አለ፤ በቀጠሮዋ ቀን ስትቀሪ የት ገባች የሚለው ሰው ግን መጀመሪያ የሚቀነሰው ነው፤ ሥራው በሪፖርት ላይ እንደ ኪኒን አይቆጠርምና።

ርቀቱ እንደገና ተመለሰ ማለት ነው፤ አሁን ግን የሚለካው በአራብሳ አውቶቡስ ነው። የሚያግዝ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ መድኃኒቱ ለተስማማቸው ሰዎች የስድስት ወር በአንዴ ይሰጣል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ መመላለስ ይቻላል። አልጋዋን በየሳምንቱ ለምትቀይር ሴት ግን የስድስት ወር ኪኒን የሚቀመጥበት ቁም ሳጥን የት አለ?

ሰፈሩን ለቆ የሄደ ዘመድ ወይም ጓደኛ ያላችሁ ይህን ንገሩት፦ ከድሮው ጤና ጣቢያ የዝውውር ወረቀት አስጽፎ በአዲሱ ሰፈር መቀጠል ይቻላል፣ መድኃኒቱም ዛሬም በነጻ ነው። የዝውውር ወረቀት ሳያወጣ የሄደም ቢሆን ኪኒኑ ከማለቁ በፊት በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ ገብቶ ይጠይቅ። ቀድሞ የት ይታከም እንደነበር ከነገራቸው እነሱ ይደውላሉ።